የዳኛው ከረባቶች

ካቆምንበት እንቀጥል ልጆቼ። ሻይ የያዛችሁ ሻያችሁን፣ ሥራ የያዛችሁም ሥራችሁን እንደያዛችሁ ስሙኝ።

እራፊን ታስታውሷታላችሁ። ዛሬ ገና ለመጣም ሰው ልንገር፦ እራፊ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ ወለል ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅምና ለደረት የሚሰካ አበባ፣ የጸጉር ማስያዣ፣ የጆሮ ጌጥ ታወጣበታለች። እናቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ናት ያሳደገቻት። የምትወደው ወጣት ደግሞ ጠበቃ ነው፤ የሞቱት የትልቁ ዳኛ ልጅ፤ ቤታቸው ባለ ፎቅ፣ በራቸው ባለ ብረት። የተገናኙት እህቱ የልብስ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እህቱ የእራፊን ሥራ እየወሰደች ትሸጣለች። መዋደዳቸውን ግን እህቱም እናቱም አያውቁም። «ጊዜው ሲደርስ እነግራቸዋለሁ» ይላል እሱ። ጊዜ ደግሞ ካልጠሩት አይደርስም።

የእራፊን እጅ ብታዩት! ከአሮጌ ሸሚዝ አንገትጌ የእጅ አምባር፣ ከተቀደደ ጂንስ የጆሮ ጌጥ፣ ከልዩ ልዩ አዝራር ሐብል ታወጣለች። አበባዋማ ቀላል ነው፤ እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። ጨርቁን በሻይ ብርጭቆ አፍ ልክ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጣለች፤ እያንዳንዱን ለሁለት ታጥፋለች፤ ጠርዙን ላላ አድርጋ ትሰፋና ክሩን ሳብ ስታደርገው ቅጠሉ ይሰበሰባል። መሀሉ ላይ አዝራር፣ ጀርባው ላይ መርፌ ቁልፍ። በቃ። ግን ልጆቼ፣ አበባውን አበባ የሚያደርገው ጨርቁ ነው። የዛሬውም ጣጣ የመጣው በጨርቅ ነው።

ብርዱ ሊገባ ሲል የጠበቃው እህት እራፊን ጠራቻት።

«የፊታችን ቅዳሜ የዘንድሮን ካፖርቶቼን ለደንበኞቼ ላሳይ ነው፤ ሁሉም ግራጫ ናቸው» አለቻት። «ግራጫ ብቻውን ሰው ያስረጃል። አንገትጌው ላይ እሳት እፈልጋለሁ። ወይን ጠጅና ሰናፍጭ ቀለም። የሚያብለጨልጭ ሳይሆን ለስለስ ያለ እሳት።»

«ሐር ነው የምትዪኝ እትዬ?»

«ሐር ብታገኚማ ስምሽን በር ላይ እጽፍልሻለሁ!»

እራፊ ሐር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ተንከራተተች። ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ይዘዋል፤ ወለላቸው ላይ ሰማያዊና ቡኒ ብቻ። አመሻሽ ላይ ከእህቱ ሱቅ ጀርባ ሲገናኙ ለጠበቃው ነገረችው፤ እንዲፈልግላት ሳይሆን እንዲሁ ሆዷ ሲብሳት ነው። እሱ በማግስቱ ከረጢት ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ክፈቺው።»

ከረባቶች። የሐር ከረባቶች። ወይን ጠጅ፣ ሰናፍጭ፣ አንዱ ደግሞ በወይን ጠጅ መደብ ላይ ደቃቅ የሰናፍጭ ነጠብጣብ ያለበት፤ ለዚህ ብርድ ብሎ ሰው ያሸመነው ይመስላል።

«የማን ናቸው?»

«የማንም። ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጡ የኖሩ ናቸው።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

«ኧረ አታስታውሳቸውም!» አለ።

ይህ ለጥያቄዋ መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም ሰምተዋል። ግን እሱ ፊቱ በርቶ ነበር፤ የምትወደውን ማስደሰት የቻለ ወንድ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታውቁታላችሁ። እሷም ያን ብርሃን ማጥፋት አልፈለገችም።

ቤቷ ገብታ ከረጢቱን አልጋዋ ላይ ዘረገፈችው። እያንዳንዱ ከረባት በነጭ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ በመሀል በመሀሉ ናፍታሊን ተደርጎበታል። ደግሞም ሁሉም እንደታሰሩ ናቸው። ቋጠሯቸው አልተፈታም፤ ሰው አላልቶ በራሱ ላይ እንዳወለቀው ክብ ሆነው ቀርተዋል።

እራፊ የተጣለ ጨርቅ ስታውቅ ነው ያደገችው። የተጣለ ጨርቅ ተጨማድዶ፣ ተገልብጦ ይመጣል፤ ማንም አይሰናበተውም። እነዚህ ግን አንድ በአንድ የተሰናበቷቸው ሰው ነበራቸው። እጇ ቆመ። «ነገ እጠይቀዋለሁ» አለች ለራሷ። ቀጥሎ እህቱ «ስምሽን በር ላይ» ያለቻት መጣባት። ቀጥሎም እናቱ፣ የወደፊት አማቷ፣ ቅዳሜ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «ይህን የሠራች እጅ የማን ናት?» ሲሉ ታያት። ቋጠሮዎቹን ፈታቻቸው። የጀርባውን ስፌት ተረተረች፣ ገበሩን አወጣች፣ እርጥብ ጨርቅ ደርባ ተኮሰቻቸው፤ የቋጠሮው ጭምድድ ሁሉ ጠፋ። መቀሱ ሐሩን ሲበላው ድምፅ አልነበረውም።

አበቦቹ እስከዛሬ ከሠራችው ሁሉ በለጡ። ደስ አላት። ከደስታው ሥር ግን የሆነ ነገር እንደ አሸዋ ጥርሷ መሀል ቀረ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጢም አለ። እህቱ ልብስ መስቀያዎቹን ወደ ጥግ ገፍታ፣ ወንበር ደርድራ፣ መስታወቱን አስወልውላለች። ልብስ የሚያሳዩት ልጆች ግራጫ ካፖርት ለብሰው በመሀል ይመላለሳሉ፤ በየአንገትጌያቸው ላይ የእራፊ አበባ። «ውይ!» ይላሉ ሴቶቹ። «ይሄን ከውጭ ነው ያስመጣሽው?» እራፊ መርፌ ቁልፍ ከንፈሯ ላይ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ትሰማለች። ጠበቃው በሩ አጠገብ ቆሟል። መጋረጃው ሲገለጥ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፤ እሱ ፈገግ ይላል፣ እሷ ታቀረቅራለች። ማንም አያየንም ብለው ነው እንግዲህ። ፍቅርና ጉንፋን እንደማይደበቅ ወጣት መቼ ያውቃል?

የዳኛው ባለቤት ዘግየት ብለው ገቡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከልብስ አሳዪዎቹ አንዷ በአጠገባቸው ስታልፍ የካፖርቷን እጅጌ ያዝ አደረጉ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ጎንበስ በይ።»

አበባውን በጣታቸው ዳሰሱት። ጀርባውን ገልብጠው አዩት። ነጠብጣቡን አዩት።

«ማን ነው ይህን የሠራው?»

እህቱ ደስ ብሏት እራፊን እጇን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ጎተተቻት። «እቺ ናት እማዬ! እጇ ወርቅ ነው!»

«ጨርቁን ከየት አገኘሽው ልጄ?»

እራፊ ጠበቃውን አየችው። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። «እኔ» የምትል አንዲት ቃል። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ፤ የጫማው ክር የዓለም ትልቁ ክርክር ይመስል እዚያው ተከለው።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች እህቱ።

«የአባትሽ ከረባት ነው» አሉ።

እህቱ አንዴ አበባውን፣ አንዴ እራፊን ስታይ ቆይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ያኔ የእጅ አምባር ልኬት ልትወስጂ ቤት ስትመጪ ነው! እኔ ደግሞ አምኜሽ ብቻሽን ትቼሽ ሻይ ላፈላልሽ ገባሁ! እስቲ አሁን ቀና ብለሽ ቁሚ! የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ!»

እራፊ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ልጅዎ ነው የሰጠኝ» ብትል «ለምን ሰጠሽ?» ይከተላል። እሱ ደፍሮ ያልነገራቸውን ፍቅር እሷ ሌባ በተባለችበት ቦታ ትንገራቸው? ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ንጹህ ሰው ይጮሃል። እሷ ንጹህ መሆኗን እርግጠኛ አልነበረችም።

«ተይ፣ አትጩሂ፣ ሰው ፊት ነው» አሉ እናትየው ልጃቸውን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እራፊን ጠየቋት፦ «ቋጠሮዎቹስ?»

«ፈታኋቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም እማማ።»

ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ብዙ ሰው ሊሳደቡ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን «ብትጠይቂኝ እኮ የራሴን ቀሚስ ቆርጬ እሰጥሽ ነበር» ብቻ አሉ።

ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወደ በሩ ስትሄድ በጠበቃው አጠገብ ነው ያለፈችው፤ እጅጌዋ እጅጌውን ነካው። መንገድ ለቀቀላት። ይኸው ነው ያደረገላት፤ መንገድ ለቀቀላት።

*

ወሬ እግር አለው፤ የሰፊዎቹ መንገድ ላይ ደግሞ ጫማም አያወልቅም።

ኮት ሰፊው ድሮ እራፊን ከሩቅ ሲያይ «ነይ ድርሻሽን ውሰጂ!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ ቁርጥራጩን በከረጢት አድርጎ በር ላይ ያስቀምጥላታል። አሁን ከስፌት መኪናው ተነስቶ እሷ ለቅማ እስክትጨርስ ከላይዋ ቆመ። ክፉ ቃል አልተናገረም። እንዲያውም ዓይኑን ወደ ጣሪያው ነበር ያደረገው፤ ግን ቆመ። ቀጥሎ ያለችው ቀሚስ ሰፊ «ዛሬ ጠርገናል» አለቻት፤ ቁርጥራጩ እግሯ ሥር ተዘርግፎ እያለ። የሰው ጨርቅ መሀል ገብቶ ለሚውል ሰው ያለው ሀብት መታመን ነው። እሱ ከሄደ መቀስና መርፌ ምን ይሠራል?

አክስቷ በረንዳው ላይ መኪናዋን እየረገጠች የትራስ ልብስ ትሰፋለች።

«ባዶ?» አለች ቀና ሳትል።

«ባዶ።»

«ምነው? ጠረጉ?»

«ጠረጉ።»

«የሚጠርግ ይጥረጋቸው!»

እራፊ ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። ነገሩን ሁሉ ለአክስቷ የነገረቻት ያን ጊዜ ነው። አክስት አልተቆጣችም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ላንቺ ነው ለካ» አለችና በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት።

እንዲህ እያሉ ጠበቃው በጓሮው መንገድ ብቅ አለ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«እሰይ! ጠበቃ መጣ!» አለች አክስት። «ምነው ልጄ፣ ደንበኛህ ከተፈረደባት በኋላ?»

«ደህና ዋሉ እናቴ።»

«ደህናውንማ እናንተ ሱቅ ጥለነው መጣን። ለማያውቀው ሰው ችሎት ቆሞ ሲጮህ የሚውል፣ ለሚወዳት ሲሆን ጉሮሮው ይዘጋል። መድኃኒት ፈለግህለት?»

«እሷን ላነጋግራት ነበር የመጣሁት።»

«አነጋግራት። እኔ የለሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለችና እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ የመኪናው ድምፅ እንዳያደናቅፋት መሆኑ ነው።

ጠበቃው ከእራፊ ፊት ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ይቅርታ» አለ።

«ለየቱ?»

«ያኔ... ሰው ነበር። እማዬም ደንግጣ ነበር። ቤት ስንገባ እነግራታለሁ ብዬ ነው።»

«ነገርካቸው?»

እንደገና ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

«ይኸው ደገምከው» አለች።

«አፈርኩ። እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ደግሞ ማፈሬ እየባሰ መጣ። መጀመሪያ መናገር ነበር የከበደኝ፤ አሁን ለምን እስከዛሬ ዝም አልክ የሚለው ነው የከበደኝ።»

«በምን ነው ያፈርከው? ከረባት በመውሰድህ?»

«አዎ።»

«በኔስ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አትዋሸኝ» አለች ቀስ ብላ። «ያ ሁሉ ሴት እያየህ፣ ‹ይቺን እራፊ የምትለቅመዋን ነው የምወደው› ለማለት። ትንሽ አላፈርክም?»

ጠበቃው ብዙ መልስ ያውቃል፤ ሥራው ነው። ሁሉም ግን አፉ ላይ ሲደርስ ውሸት ሆነበት። ዓይኑ ሞላ።

«ትንሽ» አለ። «ትንሽ አፍሬ ነበር።»

እራፊ የጠየቀችውን አገኘች። ልቧ ግን «አላፈርኩም» እንዲላት ሲለምን ነበር ለካ፤ መልሱ ሲመጣ የበረንዳውን ቋሚ ያዘች።

«ይሄን ያህል እውነት ካወጣህ ገና ሰው ትሆናለህ» አለች አክስት፣ የለሁም ያለችው።

«ነገ እማዬ ዘንድ አብረሽኝ ነይ» አለ እሱ። «ፊትሽ እንድናገር። አለዚያ ደግሞ እፈራለሁ።»

«እመጣለሁ» አለች። «አንተ ስትናገርልኝ ለመስማት እንዳይመስልህ። እኔም የምናገረው አለኝ።»

ምን እንደሆነ አልገባውም። እሷም አልነገረችውም። ጭቃውን እየረገጠ ሲመለስ ከኋላው አየችው፤ መጥላት ፈለገች፣ ለመጥላት አቅም አጣች፣ አቅም በማጣቷም በራሷ አፈረች።

*

የዳኛው ቤት ሳሎን ሰፊ ነው፤ መስኮቱ ትልቅ፣ መጋረጃው ከባድ። እናትየው ሶፋው ላይ፣ እህቱ ከጎናቸው። እራፊ ከበሩ አልራቀችም። እህቱ ስታያት ቦርሳዋን ከወለሉ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። እራፊ ይህንንም አየች።

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ ከመሠረቱ ስንመለከተው፣ በወቅቱ የነበረው ሁኔታ...»

«ልጄ» አሉ እናቱ፣ «ችሎት አይደለንም። እንደ ልጅ ተናገር።»

ቆመ። ትንፋሹን ሳበ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ። እሷ ‹እናትህ ያውቃሉ ወይ› ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያታለልኳት። የሰጠኋትም ስለምወዳት ነው እማዬ። ሌባ ስትባል ደግሞ ጫማዬን ሳይ ነበር።»

እህቱ ከሶፋው ብድግ አለች። «አንተ? አንተ ቆመህ እያየህ ነው እኔ ያን ሁሉ...» አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ መለሰችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እራፊ እዚህ ላይ ዝም ብትል ነጻ ነበረች። ንጹህ ሆና፣ ተበዳይ ሆና መውጣት ትችላለች። ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ገባች።

«እማማ፣ እኔም ንጹህ አይደለሁም። ከረባቶቹን ገና ሳያቸው ሰው ያስቀመጣቸው መሆናቸውን አውቄያለሁ። በወረቀት ተጠቅልለው ነበር። ቋጠሯቸው እንዳለ ነበር። እጄ ቆሞ ነበር። ነገ ልጠይቅ ብዬ፣ ነገን ሳልጠብቅ ቆረጥኳቸው። እርስዎ አበባውን አይተው እንዲያመሰግኑኝ ብዬ ነው።»

ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም። ‹እንዲያመሰግኑኝ› የምትለዋን ቃል ስታወጣ ጆሮዋ ድረስ ነደደች።



«ዳኛው ከረባት ማሰር አይችልም ነበር» አሉ እናትየው። «መሬት የተካሰሰ፣ ውርስ የተካሰሰ ሁሉ እሱ ፊት ቀርቦ ታርቆ ይሄዳል። ሁለት ጫፍ ጨርቅ ማስታረቅ ግን አቃተው። ጠዋት ጠዋት አንገቱን ቀና አድርጎ ይቆማል፣ እኔ አስርለታለሁ። ማታ አላልቶ በራሱ ላይ ያወልቀዋል። ‹አልፈታውም፣ ነገ እንዳትደክሚ› ይለኛል።» ፈገግ ሊሉ ነበር፤ አልሆነላቸውም። «አንዱ አላስቸገረሽም ስትፈቺው?»

እራፊ አሰበች። «ባለ ነጠብጣቡ ጠብቆ ነበር። በመርፌ ነው የፈታሁት።»

«እሱ የመጨረሻው ነው። ያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር። በምን እንደተጣላን ዛሬ ብትገድሉኝ አላስታውሰውም። አኩርፌ፣ ዓይኑን ሳላይ አጥብቄ አሰርኩት። ‹ኧረ ልታንቂኝ ነው› ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከሰዓት ከሥራ ወንበሩ ላይ አነሱት። ከልብሱ ጋር ሲሰጡኝ ያ ቋጠሮ እንዳለ ነበር።»

ልጆቻቸው ይህን ሰምተው አያውቁም። ጠበቃው እንደቆመ ቀረ።

«ከረጢቱን ቁም ሣጥኑ ላይ ያስቀመጥኩት ለማስታወሻ ነው ስትሉ ነበር። አይደለም። ማየት አፍሬ ነው። ያቺን ኩርፊያዬን እስከዛሬ እንደታሰረች አስቀምጬ፣ መፍታትም መጣልም አቅቶኝ። አሁን አንቺ ስትፈቺው መቆጣት ነው ወይስ መመረቅ ያለብኝ? እኔንጃ። አንጀቴን ቆርጦታል፤ አልዋሽሽም። ደግሞም ቀሎኛል።» ቀና ብለው እራፊን አዩአት። «ሌላም አለ። በዚያ ቅዳሜ ገና ጨርቁን ከየት አመጣሽው ስልሽ አንቺ ወዴት እንዳየሽ አይቻለሁ። እሱም ወዴት እንዳየ አይቻለሁ። እናት ነኝ፤ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። ግን ሰው ነበር። የዳኛው ልጅ እራፊ ለቃሚ ወደደ እንዳይሉ ብዬ፣ ሌባ ትባል ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ ዝምታውን ከየት እንደወረሰው እንግዲህ እወቂው።»

ሳሎኑ ውስጥ ማንም ማንንም ማየት አልቻለም። ልጆቼ፣ አራት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ የሦስቱ ዓይን ምንጣፍ ላይ፣ የአንዷ መስኮት ላይ።

«ይቅር በይኝ» አሉ። ሽማግሌ ሴት፣ ትልቅ ቤት ያላቸው፣ ከሶፋቸው ተነስተው ቆመው። እራፊ ደንግጣ ሮጣ ያዘቻቸው፤ «ኧረ እማማ፣ ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። እጇን ግን አልለቀቁም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በር ተዘግቶ የተባለ ይቅርታ ለሷ አይረባትም። ሌባ የተባለችው ሰው ፊት ነው። አንተም እዚያው ሰው ፊት ሂድ። አንቺም» አሉ ሴት ልጃቸውን፣ «ለደንበኞችሽ ለእያንዳንዳቸው ትናገሪያለሽ።»

እህቱ ከመስኮቱ ሳትዞር ራሷን ነቀነቀች።

«ስለ እናንተ ስለ ሁለታችሁ ጉዳይ» አሉ እናትየው፣ «ዛሬ አልመርቅም። ዛሬ አፌ አልጸዳም።»

*

በማግስቱ ጠዋት ጠበቃው የሰፊዎቹ መንገድ ላይ ነበር። እራፊ ልትቀር አስባ ነበር፤ አክስቷ ናት «ሂጂ። ወንድ ልጅ ሲያፍር ማየት በየቀኑ አይገኝም» ብላ የገፋቻት። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ኮት ሰፊው ሱቅ ሲደርሱ እሷ በሩ ላይ ቀረች።

«ደህና አደራችሁ?» አለ ጠበቃው።

«ደህና! ኮት ነው ሱሪ?» አለ ሰፊው፣ ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ።

«ልብስ አይደለም። አንድ ነገር ልናገር መጥቼ ነው።» እራፊ ወደቆመችበት በር ጠቆመ። «ይቺ ልጅ ሌባ አይደለችም። ጨርቁን ከቤታችን አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሌባ ሲሏት እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም ብዬ ሰማሁ።»

መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ኮት ሰፊው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ጠበቃ አይደለህ እንዴ? አፍህን ቢሮ ረስተኸው ነበር? ኧረ ጉድ! ኧረ ይሄን ሰው ቀጥሮ የሚሟገት ምን ይውጠው?»

አብረውት የሚሰፉትም ሳቁ። ጠበቃው አልመለሰም። እጁን ወደ ታች አድርጎ፣ ተማሪ እንደተቀጣ ቆመ። ጆሮው ቀልቶ በርበሬ መሰለ።

እራፊ ይህችን ሰዓት ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታታለች። እሱ ሰው ፊት ቆሞ ሲዋረድ፣ ሰው ሲስቅበት፣ እሷ ቀና ብላ ስታይ። ጣፋጭ ትሆናለች ብላ ነበር። አልጣፈጠችም። ፊቷ ነደደ፣ አንገቷ ነደደ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አፈረች። ግን ለራሷ አልነበረም። ለእሱ ነበር ያፈረችው። ሰው ደግሞ ለባዕድ አያፍርም ልጆቼ፤ መንገድ ላይ የወደቀ እንግዳ ያሳዝናል እንጂ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የራስ ሰው ሲወድቅ ነው። ይህን ስታውቅ ደስ አላላትም፤ ፈራች እንጂ።

«አትሳቅበት!»

ድምፁ የሷ መሆኑን የሰማችው ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ኮት ሰፊው ሳቁ ግማሽ ላይ ቀረ።

«አንተ ከላዬ ስትቆም እኔ ስቄብሃለሁ?» አለችው። «መጥቶ ተናገረ። አትሳቅበት።»

ሰፊው ሜትሩን እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ። «እውነትሽን ነው» አለ። «እኔም አበዛሁት እራፊ። በድዬሻለሁ። ያን ቀን ጣሪያውን ሳይ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ምን አለ?»

ወጡ። መንገዱ ላይ ትንሽ ሄደው ጠበቃው ቆመ።

«አንቺ ተናገርሽልኝ» አለ። ከዚህ በላይ አልቻለም። አንዲት ቃል ሰው ፊት ማውጣት እንደሚቻል ገና አሁን ያየ ይመስል ነበር፤ ይህም ከሳቁ ሁሉ ይልቅ አሳፈረው።

«ይቅር አላልኩህም» አለች፣ ሳታየው።

«አውቃለሁ።»

«እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም።»

ቀሚስ ሰፊዋ ከሱቋ በር ላይ አንገቷን አውጥታ ታያቸዋለች። ከሷ ቀጥሎ ባርኔጣ ሰፊው፣ ከሱ ቀጥሎ መጋረጃ ሰፊዎቹ፣ መንገዱ ሙሉ ልብስ ሰፊ ነው። ጠበቃው በረጅሙ ተነፈሰ። እራፊ ከኋላው መሆኗን ትታ ከጎኑ ሆነች፤ ሁለቱም አንገታቸውን እንደደፉ፣ ሁለቱም ፊታቸው እንደነደደ፣ ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።